ልክክ ያለ የዋና ልብስ ለወንድ፦ ሐፍረቱ የማን ነው?

አወያይ፦ ባለፈው ስለ መዋኛ ደንብ ስናወራ ነገሩ ወደ ቀልድ ሄዶ ተበላሸ። ዛሬ በቁም ነገር እንየው። አንድ ወንድ መዋኛ ውስጥ በፓንት ቅርጽ የተሰፋ ወይም ጭኑን ጥብቅ አድርጎ የሚይዝ የዋና ልብስ ቢለብስ፣ ጂም ደግሞ ቁምጣ ሳይደርብ ታይት ብቻ አድርጎ ቢገባ ችግር አለው? ካለውስ የለባሹ ነው የተመልካቹ? ስድብ የለም፣ የሰው ፎቶ መለጠፍ የለም። ቀጥሉ።

ቁምጣ ይሻለኛል፦ እኔ ልጀምር። በመጀመሪያ ሐፍረትን እንደ በሽታ አታድርጉብኝ። ወለል ላይ ተጋድሜ የሆድ ስፖርት ስሠራ አንዱ ስስ ግራጫ ታይት ለብሶ ራስጌዬ ላይ ቆሞ ክብደት ያነሳል። ዓይኔን የት ላድርገው? መብቱ ነው ትሉኛላችሁ፤ እሺ፣ የኔስ? አንድ ቁምጣ መደረብ ምን ይከብዳል? «በራስ መተማመን» የሚባለው ነገር ሌላውን ሰው ማስጨነቅ ሲሆን እኔ ሌላ ስም ነው የምሰጠው።

አሠልጣኝ፦ የጂሙን ነገር ልተውልህ፣ ውሃው ላይ ግን አንግባባም። ሰፊ ቁምጣ ለብሶ መዋኘት የሚማር ሰው ግማሽ ጉልበቱን የሚጨርሰው ጨርቁን በመጎተት ነው። ግድግዳውን ገፍቶ ሲነሳ ኪሱ ውሃ ይሞላል፣ ቁምጣው እንደ ፊኛ ይነፋል፣ ወገቡ ይወርዳል። ጀማሪ ደግሞ እግሩ ድሮም ወደ ታች ነው የሚሄደው። አንድ ገንዳ ሳይጨርስ ያለከልክና «ዋና ለኔ አልተፈጠረም» ብሎ ይወጣል። እኔ የማየው ይሄንን ነው። ልብሱ ሲለወጥ ዋናው ወዲያው አይለወጥም፣ ግን ቢያንስ ከጨርቅ ጋር መታገሉ ይቀራል።

ቁምጣ ይሻለኛል፦ አሠልጣኝ፣ ለኦሊምፒክ እኮ አይደለም የሚዋኘው። የሰከንድ ሽራፊ ለማን ይጠቅማል?

አሠልጣኝ፦ ስለ ሽራፊ ሰከንድ ካነሳህ፣ እዚያ ሰፈር ልብስ ምን ያህል እንደሚሠራ ዓለም አይቶታል። እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 ፖሊዩሬቴን የሚባል ፕላስቲክ መሰል ነገር ያለባቸው ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚይዙ ልብሶች ገቡ። ሮም ላይ በ2009ኙ የዓለም ሻምፒዮና ብቻ 43 የዓለም ክብረ ወሰን ተሰበረ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማይክል ፌልፕስ እዚያው በ200 ሜትር ነፃ ቀዘፋ፣ አዲሱን ዓይነት ልብስ ባደረገው በጀርመናዊው ፓውል ቢደርማን ተሸነፈ። ከዚያ ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ከ2010 መጀመሪያ ጀምሮ ከለከለው፤ ለወንድ ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ያውም ከጨርቅ ብቻ የተሠራ ተባለ። አሜሪካዊው ዋናተኛ ማርክ ስፒትዝ ግን በ1972 ሙኒክ ኦሊምፒክ ላይ ሰባቱን ወርቅ የወሰደው በትንሽዬ የዋና ፓንት ነው። አንተ እንዳልከው ተራ ዋናተኛ ለዚህ ግድ የለውም። እኔም ሪከርድ ስበር አላልኩትም፤ የማይጎትተውን ልበስ ነው ያልኩት።

ባለቦርጭ፦ ስሜን አይታችሁ ገምቱ። ሁላችሁም ስለ ፍጥነት ታወራላችሁ፤ የኛን ሰው ከመዋኛ የሚያስቀረው ግን ከመልበሻ ክፍል እስከ ውሃው ያለችው መንገድ ናት። ፎጣውን የት ልተወው? ወንበሩ ላይ ከተውኩት ቀሪውን በልብሱ ብቻ መሄድ ነው። ገንዳው ጫፍ ድረስ ይዤው ከሄድኩ ይረጥባል። ሆዴን ስቤ እሄዳለሁ፣ መተንፈስ ስለማይቀር መሃል ላይ ይለቀኛል። ቦርጩስ ይሁን፣ ሸሚዝ ለብሼም ይታወቃል። ወንዶች ደፍረን የማንናገረው ሌላውን ነው፤ ቀዝቃዛ ሻወር ወስደህ ስትወጣ ጥብቅ ልብስ ምንም አይደብቅልህም። የተረዳኝ ይረዳኛል።

ብስክሌተኛ፦ ተረድተንሃል ወንድሜ 😂 ሁሉም ወንድ ያውቀዋል፣ ማንም አያወራውም።

ጋሼ ዋና፦ ልጆች፣ እኔ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነው መዋኘት የጀመርኩት፤ የምለብሰውም ያንኑ ትንሿን ነው። «ማንም አያይህም» እያሉ የሚያጽናኑህን አትስማ፤ ውሸት ነው። ያያሉ። ሰው ሲንቀሳቀስ ዓይን ይከተላል፣ ተፈጥሮ ነው። አይተው ግን ወዲያው ወደ ራሳቸው ሐሳብ ይመለሳሉ፤ አብዛኛው የሚያስበው ስለ ራሱ ቦርጭ ነው። እኔም መጀመሪያ ድፍረት ኖሮኝ አልነበረም የገባሁት። ሐኪም መገጣጠሚያህ ውሃ ይፈልጋል አለኝ፣ መዋኛው ሰፊ ቁምጣ አይፈቅድም፣ ምርጫ አልነበረኝም። ድፍረቱ በኋላ ነው የመጣው፣ ያውም ሳላውቀው።

ቁምጣ ይሻለኛል፦ ጋሼ፣ እርስዎን አከብራለሁ፣ ነገር ግን መዋኛው ማስገደዱ ራሱ ልክ ነው ይላሉ?

ጋሼ ዋና፦ የጽዳት ጉዳይ ነው ካሉ እቀበላለሁ። በፈረንሳይ የሕዝብ መዋኛዎች ይኸው ነው ደንቡ፤ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ የዋልክበትን ቁምጣ ይዘህ ውሃ ውስጥ አትገባም። ጥብቁን ግን ለብሶት መንገድ የሚውል የለም። እስከ ጉልበት የሚደርሰውን ጥብቅ ቁምጣም አይከለክሉም፣ አንተ እሱን ልበስ።

የሁለት ወንዶች እናት፦ ይቅርታ፣ ሳቄ መጣ። ወንዶች ሰውነታችን ታየ ብላችሁ ስትጨነቁ ማየት ለኛ አዲስ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖርዌይ ሴቶች የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ቡድን በአውሮፓ ሻምፒዮና በቢኪኒ ፋንታ ቁምጣ ለብሰው ስለተጫወቱ 1,500 ዩሮ ተቀጡ። ወንዶቹ በዚያው ስፖርት በቁምጣ ነበር የሚጫወቱት። ደንቡ የተቀየረው ዓለም ከጮኸ በኋላ ነው። ስለዚህ አንድ ወንድ «አታስገድዱኝ» ሲል እኔ ከጎኑ ነኝ፤ በተመሳሳይ አፉ ግን ሌላውን «ደርብበት» ብሎ ሲያስገድድ አይዋጥልኝም።

ቁምጣ ይሻለኛል፦ እህቴ፣ ቢኪኒ ማስገደድና ቁምጣ ደርብ ማለት አንድ ነው እንዴ? አንዱ ግለጥ ነው፣ አንዱ ሸፍን።

የሁለት ወንዶች እናት፦ አንድ ነው አላልኩም። የሁለቱም መነሻ ግን የሚያየው ሰው ነው፣ ስፖርቱ አይደለም።

አወያይ፦ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ነውር የሚባለው መስመር ራሱ ቦታውን ይቀያይራል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ ለምሳሌ አትላንቲክ ሲቲ ላይ፣ ወንድ ደረቱን ገልጦ ባሕር ዳርቻ ከተገኘ ይያዝ ነበር። ዛሬ ደረት የገለጠ ወንድ ማን ዞሮ ያየዋል? ይህ ማለት ግን መስመር አያስፈልግም ማለት አይደለም።

ብስክሌተኛ፦ የኛ ሰፈር ሕግ ቀላል ነው። የብስክሌት ታይት ከሥሩ ፓንት አይለበስም፤ ውስጡ የተሰፋው ስፖንጅ ቆዳህን እንዲነካ ነው የተሠራው፣ ፓንት ከደረብክ ስፌቱ ብሽሽትህን ይልጥሃል። ብስክሌቱ ላይ እስካለህ ማንም ምንም አይልም፤ ጎንበስ ብለህ ታልፋለህ። ወርደህ ሱቅ ስትገባ ወይም ወረፋ ስትቆም ነው ነገሩ የሚከፋው። ስለዚህ ጀርባ ኪሴ ውስጥ የምትጠቀለል ስስ ቁምጣ አለች፣ ስወርድ አጠልቃለሁ። አፍሬ አይደለም፤ ቦታው ስለተቀየረ ነው።

ነርስ፦ ስለ ጤናው ማንም አላነሳም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት 656 ወንዶችን አይቶ፣ ሰፋ ያለ የውስጥ ሱሪ የሚያዘወትሩት በዘር ፈሳሻቸው ውስጥ ያለው የወንድ ዘር ሕዋስ ክምችት 25 በመቶ ከፍ ያለ ሆኖ አግኝቶታል። ጥናቱ ስለ ዘወትር የውስጥ ሱሪ ነው እንጂ ስለ ዋና ልብስ አይደለም፣ ጠባብ መልበስ መካን ያደርጋልም አይልም። ለአንድ ሰዓት ዋና ብላችሁ አትጨነቁ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ዋኝቶ በረጠበ ልብስ ተቀምጦ ሲያወራ የሚውለው ሰው። ሙቀትና እርጥበት ብሽሽት ላይ ሲከርም ጭርት ይወጣል። አውልቁ፣ በደንብ አድርቁ።

ዝምተኛው፦ ብዙ ጊዜ አልጽፍም። ሁላችሁም ስለ ዓይን ነው የምታወሩት። እኔን ጂም ያስቀረኝ ዓይን አይደለም፣ ስልክ ነው። መስተዋቱ ፊት የራሱን ቪዲዮ የሚቀርጽ ሰው አለ፣ ከኋላው እኔ ጎንበስ ብዬ እታያለሁ። የት እንደሚለጥፈው አላውቅም። ጋሼ እንዳሉት ያየኝ ሰው ወዲያው ይረሳኛል፤ ቪዲዮ ግን አይረሳም። አንድ ጊዜ እንዲያጠፋው ጠየቅኩት፣ «ማን አንተን ያያል» አለኝ። እኔ ቁምጣ እደርባለሁ፣ የምደርበው ግን ለቁምጣ ይሻለኛል ዓይን ብዬ ሳይሆን ለካሜራው ነው።

አሠልጣኝ፦ ይሄ ሰው ያነሳው ነገር ከሁላችንም ይበልጣል። እኔ በማሠለጥንበት ገንዳ ዳር ስልክ ማውጣት ከተከለከለ ወዲህ ሲያመነቱ የቆዩ ተማሪዎች መምጣት ጀምረዋል። ልብስ ማንም አልተቆጣጠረም፤ የተከለከለው ስልኩ ብቻ ነው።

ባለቦርጭ፦ እኔም ብሆን በዚህ እመጣለሁ። ቀዝቃዛው ሻወር እንዳለ ሆኖ።

ቁምጣ ይሻለኛል፦ ስልኩ ላይ ተስማምቻለሁ፣ ዛሬውኑ ይከልከል። ግራጫው ታይት ላይ ግን አልተንቀሳቀስኩም። ስስ ነገር ላብ ሲነካው ከመልበስ አይቆጠርም፤ እሱን ደግሞ «ተመልካቹ ይፈር» ብላችሁ አታልፉትም።

የሁለት ወንዶች እናት፦ እሱን እኔም አልከራከርህም። ስስነትና ጥብቅነት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ወፍራም ጥቁር ታይት ለብሶ የሚሠራውን ከእሱ ጋር አትደምርብኝ።

ቁምጣ ይሻለኛል፦ ጥቁሩን አልነካሁም።

አሠልጣኝ፦ ለዋና ልብስም ያው ነው። ስትገዙ ፊት ለፊቱ ገበር እንዳለው እጃችሁን አስገብታችሁ እዩ፤ ከዚያ ወጠር አድርጋችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ጣታችሁ ካሳየ ውሃ ሲነካው የባሰ ነው። ገንዳው ውስጥ ያለው ክሎሪን ላይክራውን፣ ማለትም የሚለጠጠውን ክር፣ ይበላዋል፤ መቀመጫው ጋ የሳሳ ልብስ ጊዜው አልፏል፣ ጣሉት። ፖሊስተር የበዛበት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የወገብ ገመዱን ደግሞ እሰሩትና ወደ ውስጥ አስገቡት፤ ግድግዳ ገፍቶ ሲነሳ ልብሱ ውሃ ውስጥ የቀረበት ሰው አውቃለሁ፣ እሱ ስለ በራስ መተማመን ከሁላችንም የተሻለ ይናገር ነበር።