እህቴ የሮም ጉዞዋን ሰርዛ ለአባታችን ልቅሶ መጣች፤ የጉዞ ኢንሹራንሱን እንዴት ትጠይቅ?

የመሐል ሜዳው

ሰላም ለሁላችሁ። አባታችን በጥምቀት ማግሥት፣ ጥር 12 ቀን ዐረፉ። መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ወጣ ባለ ቀበሌ፣ እዚያው ቤታቸው ነው ያረፉት። እኔ ደብረ ብርሃን መምህር ነኝ። ታናሽ እህቴ እንግሊዝ አገር፣ ሊድስ ትኖራለች።

እህቴ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ለአንድ ሳምንት ሮም ለመሄድ ከፍላ ነበር። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ አጋማሽ፣ ልጆቹ ትምህርት ሲዘጋላቸው። ያንን ሰርዛ ብቻዋን ወደ አገር ቤት መጣች። የጉዞ ኢንሹራንስ ስላላት ኩባንያው ፎርም ልኮላታል። የሞት የምስክር ወረቀት፣ አባቷ ለመሆናቸው ማስረጃ፣ ያከማቸው ሐኪም የሚሞላው ገጽም ይጠይቃል። እሷ አሁን ስለ ወረቀት የምታስብበት አቅም የላትም። የምሯሯጠው እኔ ነኝ።

የጨነቀኝ መርዶው ነው። ሰልስቱ እስኪያልፍ አልነገርናትም። ብቻዋን ሆና እንዳትሰማ ብለን፣ እዚያ ያሉ የአገር ልጆች ተሰባስበው እሑድ ጠዋት ቤቷ ሄደው አረዷት። ጉዞውን የሰረዘችው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ዘገየሽ ቢሏትስ? ደግሞም አባባ ከአምና ጀምሮ ደብረ ብርሃን ልባቸውን ይታከሙ ነበር። ለእሷ ግን «ትንሽ ጉንፋን ነገር ነው» እያልን ደብቀናታል።

እናታችን «በአባትሽ ሞት ብር ልትቀበዪ ነው?» ብላ ተቆጥታለች። እህቴም ተወው እያለችኝ ነው። ልተወው? የምታውቁ ምከሩኝ።

ቆላው ከሸዋ ሮቢት

ነፍስ ይማር ወንድሜ። ለምን ትተዋለች? የከፈለችበት ነው። ወደ አዲስ አበባ የመጣችበትንም ትኬት ጨምራችሁ ጠይቁ፤ ለሐዘን ስለሆነ ይከፍላሉ።

የአንኮበር ልጅ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። የአባታችሁን ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ይደምርልን። እኔም የምኖረው እንግሊዝ ነው። እናቴ አንኮበር ስታርፍ በዚሁ መንገድ አልፌያለሁ።

ከእናታችሁ ቁጣ ልጀምር፤ እኔንም ያስቆመኝ እሱ ነበርና። እህትህ የምትጠይቀው የአባቷን ዋጋ አይደለም። ሰው ሲሞት ገንዘብ የሚከፍለው የሕይወት መድን ነው፤ እሱ ሌላ ነው። ይሄኛው የሚመልሰው ለሮም ሆቴልና ትኬት ከፍላ ሳትሄድበት የቀረችውን ነው። እድር ወር በወር ከፍሎ፣ ሐዘን ሲመጣ ድንኳኑን አልፈልግም የሚል ሰው የለም። ለእማማ እንዲህ ብለህ አስረዳቸው፤ ይገባቸዋል።

ከላይ ያለው ወንድሜ አይቀየመኝና፣ የአዲስ አበባው ትኬት ግን አይገባም። የስረዛ ሽፋን የሚከፍለው የቀረውን ጉዞ ብቻ ነው። ሮም ደርሳ ብትሰማ ኖሮ እንኳ፣ ጉዞ ለሚያቋርጥ ሰው ያለው ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቤቷ ወደ ሊድስ የሚመልሳት እንጂ መንዝ የሚያደርሳት አይደለም። ከሚከፍሉትም ላይ ኤክሰስ የሚሉትን፣ ማለትም ራሷ የምትሸከመውን ድርሻ፣ መጀመሪያ ይቆርጣሉ። በብዙ ውል ላይ ይሄ በየሰዉ ስለሆነ፣ ለቤተሰብ ሲሆን ቀላል አይደለም። ከአየር መንገዱ የሚመለስ ታክስ ካለ እሱን ቀድማ ትጠይቅ። ከሌላ ቦታ የሚመለሰውን ኢንሹራንሱ አይከፍልም። ከሆቴሉም ከአየር መንገዱም «ተሰርዟል፣ ይህን ያህሉ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ትቀበል።

ውሉ ላይ የቅርብ ዘመድ ማን እንደሆነ የተጻፈበት ቦታ አለ። አባትና እናት፣ አማትና አያት አብዛኛውን ጊዜ አሉበት። ስለዚህ ለባሏና ለልጆቹም መጠየቅ ትችላለች። አጎትና አክስት ግን ብዙ ጊዜ አይገቡም። ያሳደገን አጎት አባት ነው ብንልም ውሉ አያውቀውም፤ ይሄ ለሌላ አንባቢም ይጥቀም ብዬ ነው።

መርዶው አያስጨንቅህ። ኩባንያው የሚያየው ጉዞው መቅረት እንዳለበት ያወቀችበትን ቀን ነው። ካወቀች በኋላ ሳትሰርዝ ብትቆይና በዚያ መሐል የስረዛ ቅጣቱ ቢጨምር፣ ጭማሪውን አይሸፍኑም። እሑድ ሰምታ ወዲያው ከሰረዘች አልዘገየችም። ችግሩ ፎርሙ ላይ ሁለት ቀን ብቻ መታየቱ ነው፤ ያረፉበትና የተሰረዘበት። መሐሉን ራሷ በአጭር ደብዳቤ ትጻፈው። በእኛ ዘንድ ሞት በስልክ እንደማይነገር፣ ሰው ተሰብስቦ ቤት ሄዶ እንደሚያረዳ፣ እነማን መቼ እንዳረዷት ትግለጽ። ካረዷት አንዱ ስሙንና ስልኩን ጽፎ ይፈርምላት። እኔ እንዲህ ጽፌ ልኬ ስለ ቀኑ ምንም አልጠየቁኝም።

ከባዱ ሕመሙ ነው። ብዙ ውሎች አብሮ የማይጓዝ የቅርብ ዘመድን የቆየ ሕመም ያነሳሉ። አንዳንዱ ኢንሹራንሱን ስትገዢ ወይም ጉዞውን ስትይዢ ታውቂ ነበር ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። አንዳንዱ ግን አወቅሽም አላወቅሽም፣ በሕክምና ላይ ከነበሩ አልከፍልም ይላል። የእሷን ውል ያንን ክፍል ቃል በቃል አንብቡ። የጎረቤት ውል እዚህ ላይ አይጠቅማችሁም። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 2012 ያወጡት የሸማቾች መድን ሕግ ከገዢው የሚጠብቀው፣ ሲጠየቅ ተገቢ ጥንቃቄ አድርጎ እውነቱን እንዲመልስ ነው። ያልነገራችኋትን ልትናገር አትችልም። ስለዚህ አንተ ራስህ «ሕመማቸውን ደብቀናት ነበር» ብለህ ጻፍና ፈርም። ሐኪሙ ገጹን የሚሞላው ካርዱን አይቶ ነው። እባክህ ካርዱ ላይ «ይሄን ተዉልኝ» ብለህ አታስቀንስ። እውነቱ አብዛኛው ለእህትህ የሚቆም ነው፤ የተነካካ ወረቀት ግን ሁሉንም ያበላሸዋል። የመጨረሻዋን ቀን ቤታቸው ስለነበሩ ደብረ ብርሃን ያከማቸው ሐኪም ይሙላው፤ ለዚህ የካርድ ቁጥራቸውን ያዝ።

አንድ ነገር ግን ልናገር። ሕመምን ከውጭ ልጅ መደበቅ ብንተወው በጣም ደስ ይለኛል። በፍቅር እንደሚደረግ አውቃለሁ። እኔ ግን እናቴን በስልክ እንኳ ሳልሰናበታት ቀረሁ።

አሁን ስለ ስም። የእህትህ ፓስፖርት ላይ በመጨረሻ ያለው ስም የአያታችሁ ነው። የአባታችሁ ወረቀት ላይ በመጨረሻ ያለው ደግሞ የቅድመ አያታችሁ። ፎርሙን የሚያየው ሰው የሁለቱን የመጨረሻ ስም አስተያይቶ ዘመድ አይደሉም ሊል ይችላል። ሁለቱን ስም ከላይና ከታች ጽፋችሁ፣ የእሷ ሁለተኛ ስም የእሳቸው መጀመሪያ መሆኑን በቀስት አሳዩ። የልደት የምስክር ወረቀቷም ይያያዝ። በእናቴ ጊዜ አንድም የሚገጥም ስም አልነበረንም፤ ያዳነኝ የእናት ሙሉ ስም ያለበት የልደት ወረቀቴ ነው።

ቀኑንም ተጠንቀቁ። 12/05/2017 ተብሎ የተጻፈ ወረቀት እንግሊዝ ከደረሰ፣ በሜይ ወር 2017 እንደሞቱ ነው የሚነበበው። ኢንሹራንሱ ከመገዛቱ ከስንት ዓመት በፊት! ትርጉሙ ላይ ጃንዋሪ 20 ቀን 2025 መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

እምቢ ካሉ መጀመሪያ ለራሱ ለኩባንያው ቅሬታ በጽሑፍ ታቅርብ። በ8 ሳምንት ውስጥ የመጨረሻ መልስ ካልሰጡ፣ ወይም መልሱ ካላረካት፣ ፋይናንሻል ኦምቡድስማን የሚባል ተቋም በነፃ ያይላታል። የመጨረሻውን መልስ ካገኘች በኋላ ያላት ጊዜ 6 ወር ነው።

ወሳኝ ኩነት፣ ደብረ ሲና

እግዜር ያጽናችሁ። እኔ የምሠራው በዚሁ በምዝገባው ሥራ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ጥር 12 ካረፉ ቀኑ የካቲት 12 አካባቢ ይሞላል። «ከአርባው በኋላ እንሄዳለን» ብላችሁ እንዳትቆዩ፤ አርባው የካቲት 21 ነው፣ ጊዜው ያልፋል። ካለፈም መመዝገቡ አይቀርም፣ ግን እንደዘገየ ሆኖ ስለሆነ ምልልሱ ይበዛል።

የሚመዘገበው ነዋሪ በነበሩበት ቀበሌ ነው። ለማስመዝገብ አብረዋቸው የኖሩት እናታችሁ ቢሄዱ ይሻላል። የአባታችሁን መታወቂያ፣ ከተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን የሚሰጥ ማስረጃ ካለም እሱን ይያዙ። ደግሞ ሰው በሰፈሩ የሚጠራበት ስም ሌላ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ሌላ ሲሆን በየቀኑ ነው የማየው። ሊመዘገብ የሚገባው ከእህትህ ፓስፖርት ጋር የሚገጥመው ስም ነው። መዝገቡ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት ፊደል በፊደል አንብቡት። በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

ሰነዶች ማረጋገጫና ውጭ ጉዳይ አስማህትሙ የሚላችሁ ይኖራል። ኩባንያው ይህን መጠየቁን ሳታረጋግጡ አዲስ አበባ አትመላለሱ። አንዳንዱ በሕጋዊ ተርጓሚ የተተረጎመና ማህተም ያለበት ይበቃዋል።

የመሐል ሜዳው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እድሩን አንስቼ ለእናቴ ነግሬአት «እንዲያ ከሆነማ ትጠይቅ» ብላለች። ነገ ተነስቼ ወደ መሐል ሜዳ እወጣለሁ፣ ሰኞ ከእናቴ ጋር ቀበሌ እንገባለን። ደብዳቤውንም እጽፋለሁ፤ የደበቅነው እኛ ነን፣ እሷ አታውቅም ነበር።

የአንኮበር ልጅ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ዋናውን ወረቀት ነው የምንልከው ወይስ ኮፒውን? እህቴ የምትመለሰው ከአርባው በኋላ ነው።

የአንኮበር ልጅ

ዋናውን በፖስታ አትላኩ። እዚያው አገር ቤት እያለች ስካን አድርጋችሁ በኢሜል ላኩት፤ የኢንሹራንስ ጥያቄዋን ቁጥር ርዕሱ ላይ ጻፉ። ዋናውን በእጅ ሻንጣዋ ይዛ ትምጣ፣ ከጠየቋት እዚህ እንግሊዝ ታሳያለች። አገር ቤት እስካለች ድረስ ደግሞ አንድ ነገር ንገራት። የእንግሊዝ መንግሥት አትሂዱ ብሎ ባስጠነቀቀበት አካባቢ ብዙ የጉዞ ኢንሹራንስ አይሠራም። ስለዚህ ለአሁኑ ቆይታዋ ሽፋን እንዳላት ደውላ ታረጋግጥ። በዚያው ጥሪ ወረቀቶቹ መድረሳቸውንም ትጠይቅ።