ባክአፕ ሲጀምር ፒችትሪ ለምን ይደርቃል? በአንድ ሰርቨር ላይ ስላሉ ቨርቹዋል ማሽኖች

ጥያቄ፦ ለገሃር 21

ጤና ይስጥልኝ። ለገሃር አካባቢ በሚገኝ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሰርቨሩንና ኔትወርኩን የምከታተለው እኔ ነኝ። ቨርቹዋል ማሽኖቻችን፣ ማለትም በአንድ ሰርቨር ውስጥ እንደ ተለያዩ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት፣ ቀድሞ የቪኤምዌር ምርት በሆነው በነጻው ኢኤስኤክስአይ ላይ ይሠሩ ነበር፤ ብሮድኮም ቪኤምዌርን ከገዛ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ነጻው ስሪት ሲቋረጥ ይህንኑ ሥራ ወደሚሠራው ፕሮክስሞክስ ተዛውረናል። አሁን በአንድ ሰርቨር ላይ አምስት ማሽኖች አሉን፦ የሠራተኞችን የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል የሚቆጣጠረው ዶሜይን ኮንትሮለር፣ የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ የተጫነበት ዊንዶውስ ሰርቨር፣ የመጋዘን ዕቃ የሚመዘገብበት ኤስኪውኤል ሰርቨር፣ የጋራ ፋይሎች የሚቀመጡበት ማሽንና የሠራተኞችን መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚይዝ አነስተኛ ሊኑክስ። ሁሉም በድምሩ 1 ቴራባይት ገደማ ይሆናሉ።

የማሽኖቹ መጠባበቂያ ቅጂ፣ ባክአፑ፣ በየቀኑ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ማለትም በሰርቨሩ ሰዓት 21:00 ሲል፣ ማሽኖቹ ሳይጠፉ በሚቀዱበት በስናፕሾት ዘዴ ይጀምርና በዩኤስቢ ወደተሰካ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይጻፋል። የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ሲቃረብ ሒሳብ ክፍሉ አምሽቶ ስለሚሠራ፣ ባክአፑ የፒችትሪው ማሽን ላይ ሲደርስ ፕሮግራሙ ይደርቃል፤ ደረሰኝ የሚመዘግበው ሰው «ሴቭ» ብሎ መልስ ሳያገኝ ይቀመጣል። በዚህ ላይ ማታ መብራት ከሄደ የሕንፃው ጄነሬተር ስለማይነሣ የዩፒኤሱ ባትሪ ሲያልቅ ሰርቨሩ ይጠፋል፣ ባክአፑም ተቋርጦ ያድራል።

ዘዴውን ከስናፕሾት ወደ ስቶፕ ብቀይረው መድረቁ ይቀራል ወይ? ቅጂዎቹን ለምን ያህል ጊዜ ማቆየት ይገባል? ቃሊቲ ያለው መጋዘናችን የ10 ሜጋ ቢት መስመር ስላለው አንድ ቅጂ ወደዚያ ለመላክም አስበናል፤ ይህስ የሚያስኬድ ነው? ልምድ ያላችሁ ብታስረዱኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ቀዳሚ ቅጂ

ሰላም ለእርስዎም ይሁን። ወደ ስቶፕ መቀየሩ የሚፈልጉትን አያስገኝልዎትም። በፕሮክስሞክስ ስቶፕ ሲባል ማሽኑ ባክአፑ እስኪያልቅ ድረስ ጠፍቶ የሚቆይ ይመስላል፤ ነገር ግን ማሽኑ በሥርዓት ከተዘጋ በኋላ ባክአፑ እንደተጀመረ ወዲያውኑ ተመልሶ ይነሣል፣ ቀሪው ቅጂም ማሽኑ ሥራ ላይ እያለ ከጀርባ ይቀጥላል። ስለዚህ ሒሳብ ክፍሉ መጀመሪያ ከፕሮግራሙ ይወጣል፣ ሲመለስም ያንኑ መድረቅ ያገኘዋል።

የመድረቁ ምክንያት ቅጂው የሚጻፍበት ቦታ ነው። ፕሮክስሞክስ ባክአፑ በተጀመረባት ቅጽበት ዲስኩ ላይ የነበረውን ይዘት ሳይለወጥ መቅዳት አለበት፤ ማሽኑ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሥራውን አላቆመም። ፒችትሪ ገና ባልተቀዳ የዲስክ ክፍል ላይ አዲስ ነገር ሊጽፍ ሲል፣ በዚያ ቦታ ያለው አሮጌ ይዘት አስቀድሞ ወደ ባክአፑ መድረሻ ተልኮ መጻፍ ይኖርበታል፤ ይህ እስኪሆን ድረስ የፒችትሪ ጥያቄ ወረፋ ይጠብቃል። ሰርቨሩ የቱንም ያህል ፈጣን ኤስኤስዲ ቢኖረው፣ በዚያ ሰዓት የሒሳብ ክፍሉን ፍጥነት የሚወስነው በዩኤስቢ የተሰካው ዲስክ ነው። በተለይ ጥቃቅን ጽሑፎችን በተበታተነ ቦታ የሚጽፍ ፕሮግራም፣ ፒችትሪም ከዚሁ ወገን ነው፣ ከሁሉ ይልቅ ይጎዳል።

ሌላ ነገር ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ይመልከቱ። የባክአፑን ሎግ፣ ማለትም የሥራውን መዝገብ፣ ሲከፍቱ በየመቶኛው መስመር ላይ የንባቡና የጽሑፉ ፍጥነት በሴኮንድ ስንት ሜጋባይት እንደሆነ ተጽፎ ያገኙታል። ጽሑፉ ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት አካባቢ ከሆነና ከዚያ አልፎ የማያውቅ ከሆነ፣ ዲስኩ የተሰካው በዩኤስቢ 2 መሆኑ አይቀርም። በሰርቨሩ ላይ «ኤልኤስዩኤስቢ» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ሰረዝ ቲ» ጋር (lsusb -t) ሲሰጡ፣ ከዲስኩ መስመር መጨረሻ 480ኤም ካለ ዩኤስቢ 2 ነው፣ 5000ኤም ካለ ዩኤስቢ 3 ነው። በሰከንድ 35 ሜጋባይት የሚጽፍ መድረሻ 1 ቴራባይት ለመቀበል ስምንት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ይህም ማለት ከምሽቱ 3 ሰዓት የተጀመረ ባክአፕ ሌሊቱን ሁሉ ቆይቶ ንጋት ላይ ያልቃል፣ መብራት የሚሄድበትንም ዕድል ያሰፋዋል። በአንዳንድ ሰርቨሮች ከፊት ያለው መሰኪያ ዩኤስቢ 2 ሆኖ ከኋላ ያለው ዩኤስቢ 3 ስለሚሆን፣ ገመዱን ከፊት ነቅሎ ወደ ኋላ መሰካት ብቻውን ሰዓቱን ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል።

ቀጥሎ ፍሊሲንግ የሚባለውን አማራጭ ያብሩ። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ከወጣው የፕሮክስሞክስ 8.2 ስሪት ጀምሮ በባክአፕ ሥራው የላቁ ቅንብሮች ውስጥ ይገኛል። ይህን ሲያበሩ ወደ መድረሻው መሄድ የነበረበት አሮጌ ይዘት ለጊዜው በሰርቨሩ በራሱ ፈጣን ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ማሽኑም ዘገምተኛውን ዲስክ መጠበቁ ይቀርለታል። ለዚህ የሚመደበው ቦታ ኤልቪኤም ቲን ወይም ዜድኤፍኤስ በተባሉት የዲስክ አደረጃጀቶች ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ባዶ ቦታው ጥቂት ከሆነ ግን በባክአፑ መካከል ሊሞላ ስለሚችል አስቀድመው ይዩት።

እነዚህ ሁለቱ ሕመሙን ያስታግሳሉ፤ ዘላቂው መፍትሔ ግን ባክአፕ ተቀብሎ የሚያስቀምጠውን ፕሮክስሞክስ ባክአፕ ሰርቨር የተባለ ሶፍትዌር በሌላ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይመስለኛል። ነጻ ነው፤ 8 ጊጋባይት ራምና ጥሩ ኤስኤስዲ ያለው አሮጌ ዴስክቶፕ ለእርስዎ መጠን ይበቃል። ከመጀመሪያው ሙሉ ቅጂ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይልካል፤ ተመሳሳይ ይዘት ያላቸው የዳታ ቁራጮችም አንድ ጊዜ ብቻ ይቀመጣሉ። በየቀኑ ቴራባይት መጻፉ ቀርቶ የዕለቱ ለውጥ ብቻ በኬብል ያልፋል። ኤክስተርናሉ ዲስክ ከዚያ በኋላ ከባክአፕ ሰርቨሩ ሁለተኛ ቅጂ ይቀበል እንጂ ሥራ ላይ ካለ ማሽን ጋር በቀጥታ አይገናኝ።

መልስ፦ ሒሳብና ሲስተም

ስለ ፍጥነቱ በቂ ተብሏልና እኔ ስለ ቅጂው ጤንነት እጨምራለሁ። በዊንዶውሶቹ ሁሉ ላይ በማሽኑ ውስጥ ሆኖ ከፕሮክስሞክስ ጋር የሚነጋገረው የኪውኢኤምዩ ጌስት ኤጀንት የተባለ ፕሮግራም ተጭኖ መሥራቱን ያረጋግጡ። ኤጀንቱ ሲኖር ፕሮክስሞክስ ቅጂውን ከመጀመሩ በፊት ዊንዶውስ ቪኤስኤስ በተባለው አገልግሎቱ አማካይነት ያልተጻፈውን ሁሉ ወደ ዲስክ እንዲያወርድ ያደርጋል፤ ኤስኪውኤል ሰርቨርም የራሱ የቪኤስኤስ ክፍል ስላለው ዳታቤዙን ለዚህ ያዘጋጃል። ኤጀንቱ በቅንብር በርቶ በማሽኑ ውስጥ ካልተነሣ ግን ባክአፑ «ተሳክቷል» እያለ ያልፋል፤ ሎጉ ውስጥ ግን ኤጀንቱ እንደማይሠራና ጽሑፍን ለአፍታ የማስቆሙ ሥራ (ፍሪዝ) እንደታለፈ የሚናገር አንድ መስመር ይገኛል። ብዙ ሰው አረንጓዴውን ምልክት አይቶ ይዘጋዋልና ያንን መስመር ፈልገው እንዲያነቡት አደራ እላለሁ።

ፒችትሪ ግን የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሥሩ ያለው ፐርቫሲቭ የተባለው ዳታቤዝ ነው፤ ተጠቃሚዎች የድርጅቱን ፋይል ከፍተው እየመዘገቡ ሳለ በተወሰደ የዲስክ ቅጂ ላይ ብቻ መተማመን አይገባም። ስለዚህ ሁሉም ሰው ከፕሮግራሙ ወጥቶ፣ ከፒችትሪው ከራሱ ሜኑ ባክአፕ ይወሰድ። የሚገኘው የፒቲቢ ፋይል ትንሽ ነው፤ በዚያው ማሽን ዲስክ ላይ ከተቀመጠ የማታው ባክአፕ ይዞት ይሄዳል። አንድ ማሽን ሙሉ በሙሉ ሳይመለስ የሒሳብ መዝገቡን ብቻ መመለስ ሲያስፈልግም ይኸው ፋይል ይደርሳል።

ስለ ማቆያ ጊዜው፣ በልማድ ሰባት የዕለት፣ አምስት የሳምንትና አሥራ ሁለት የወር ቅጂ ማስቀመጥ በቂ ይመስላል። ሆኖም እዚህ ላይ እኛን ብቻ የሚመለከት ነገር አለ። ሶፍትዌሩ የሚቆጥረው በፈረንጆች ወር ነው፤ የወር ቅጂ አድርጎ የሚያስቀረውም በጁን 30 እና በጁላይ 31 የተወሰደውን ነው። እነዚህ በእኛ አቆጣጠር ሰኔ 23 እና ሐምሌ 24 ናቸው። የበጀት ዓመታችን የሚዘጋበት ሰኔ 30፣ ማለትም ጁላይ 7፣ በሁለቱ መካከል ወድቆ ከጥቂት ሳምንት በኋላ በራሱ ይሰረዛል። ስለዚህ የሰኔ 30 ማታ ቅጂ ላይ «የተጠበቀ» የሚለውን ምልክት በእጅ ያድርጉበት፤ ምልክቱ ያለበት ቅጂ በጽዳቱ ጊዜ አይነካም። የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ከሆናችሁ ደግሞ ዓመታዊ የግብር ማስታወቂያው እስከ ጥቅምት 30 ስለሚቀርብና የማስተካከያ ምዝገባዎቹም እስከዚያ ስለሚገቡ፣ ከማስታወቂያው በኋላ ያለውንም ቅጂ እንደዚሁ ያስጠብቁ። የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ሰነዶች ማስታወቂያው ከቀረበበት ቀን አንሥቶ አምስት ዓመት ወይም የንግድ ሕጉ የሚወስነው ጊዜ፣ ከሁለቱ ረዘም ላለው እንዲቆዩ ያዝዛልና እነዚህን ቅጂዎች በአምስተኛው ዓመት ዝም ብሎ ማጥፋት አይገባም።

ጠያቂው፦ ለገሃር 21

እጅግ አመሰግናለሁ። ገመዱ እንደተባለው 480ኤም ላይ ነው የተገኘው። የሰኔ 30ውን ነገር ፈጽሞ አላሰብኩትም ነበር፤ ለሒሳብ ኃላፊያችንም ነግሬያቸዋለሁ። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ባክአፕ ሰርቨሩን በዚያው በአንዱ ሰርቨር ላይ እንደ ስድስተኛ ቨርቹዋል ማሽን መጫን አይቻልም ወይ? የመብራቱና የቃሊቲው ነገርስ እንዴት ይሁን?

መልስ፦ ሜክሲኮ አደባባይ

መጫኑ ይቻላል፤ ነገር ግን ሰርቨሩ በተበላሸ ቀን ባክአፕ ሰርቨሩም አብሮ ስለሚሄድ አልመክርም። ዴስክቶፑ ቢቻል በሌላ ክፍል፣ በሌላ ዩፒኤስ ላይ ይሁን፤ ከዶሜይኑም ጋር አይገናኝ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ራንሰምዌር የዶሜይን አስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ከያዘ በዚያ የይለፍ ቃል የሚከፈተውን ሁሉ ስለሚደርስበት፣ ባክአፕ ሰርቨሩ የራሱ የተለየ የይለፍ ቃል ይኑረው።

ወደ መብራቱ ስንመጣ፣ አንድ የማይታይ ሰንሰለት አለ። ባክአፕ ሰርቨሩ የተለወጠውን ብቻ ቶሎ ለይቶ የሚያውቀው፣ ማሽኑ በሩጫ ላይ እያለ የትኛው የዲስክ ክፍል እንደተነካ በማስታወሻ ስለሚይዝ ነው። ማሽኑ ሲጠፋ ያ ማስታወሻ አብሮ ይጠፋል። መብራት ከሄደ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ባክአፕ የሚልከው ጥቂት ቢሆንም፣ ሙሉውን ዲስክ እንደገና ማንበብ ስላለበት ይረዝማል፤ የረዘመውም ለሚቀጥለው የመብራት መቋረጥ ይጋለጣል። ለዚህ ነው መብራት በሚደጋገምበት ሰሞን ባክአፑ በየቀኑ ሲወድቅ የሚታየው።

ስለዚህ ዋናውን ባክአፕ ሕንፃው ውስጥ ሰውም ጄነሬተርም ወዳለበት ሰዓት ያምጡት። ለምሳሌ በምሳ ሰዓት፣ 6 ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሰርቨሩ 12:30 ሲል፣ የግማሽ ቀን ለውጥ ለመውሰድ አብዛኛውን ጊዜ ደቂቃዎች ይበቃሉ፤ ሠራተኛው ከፒችትሪ ወጥቶ ለምሳ ስለሚሄድም ለፒቲቢው ፋይል አመቺ ነው። የማታው እንደ ተጨማሪ ይቀጥል። ዩፒኤሱንም በዩኤስቢ ገመድ ከሰርቨሩ ጋር አገናኝተው ኤንዩቲ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ባትሪው ሳያልቅ ሰርቨሩ በሥርዓት እንዲዘጋ ያድርጉ። ፕሮክስሞክስ ለእያንዳንዱ ማሽን እስከ 180 ሴኮንድ ሊጠብቅ ስለሚችል፣ የመዝጊያውን ትእዛዝ ባትሪው ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ይስጡት።

የቃሊቲው ሐሳብ ጥሩ ነው። የ10 ሜጋ ቢት መስመር ሙሉ በሙሉ ቢሠራ በሰዓት 4.5 ጊጋባይት ያሳልፋል። የመጀመሪያውን 1 ቴራባይት በመስመር ከላኩት ያለ እረፍት ዘጠኝ ቀን ያልፈዋል፤ ስለዚህ ቃሊቲ የሚቀመጠውን ሁለተኛ ባክአፕ ሰርቨር መጀመሪያ ለገሃር አምጥተው በቢሮው ኔትወርክ ከሞሉት በኋላ በመኪና ቃሊቲ ያድርሱት። ከዚያ የዕለቱ ለውጥ 15 ጊጋባይት ቢሆን ሌሊት በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ይደርሳል። መስመሩ የማይታመን ከሆነም ባክአፕ ሰርቨር ከ3.3 ስሪት ጀምሮ ተነቃቃይ ዲስክን እንደ ዳታስቶር፣ ማለትም እንደ ቅጂ ማስቀመጫ፣ ስለሚቀበል፣ ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ እየተፈራረቁ ከመጋዘኑ መኪና ጋር መመላለስ ይችላሉ። ዲስክ ከቢሮ ሲወጣ ሊጠፋም ስለሚችል፣ የደንበኞችና የሠራተኞች መረጃ ያለበት ቅጂ ተመስጥሮ ይውጣ። የምስጢር ቁልፉን ግን በሰርቨሩ ላይ ብቻ አያስቀምጡ፤ ቁልፉ በወረቀት የሚታተምበት መንገድ ስላለ አትመው በድርጅቱ ካዝና ያኑሩት፤ ሰርቨሩ ተቃጥሎ ቁልፉ ከሌለ ቃሊቲ ያለው ዲስክ አይነበብም።

መልስ፦ ቀዳሚ ቅጂ

ከላይ በተባለው ሁሉ እስማማለሁ፤ ስለ መመለሱ ብቻ ልጨምር። ባክአፕ ሰርቨሩ ላይ በየሳምንቱ የማረጋገጫ ሥራ ይኑር፤ ይህ እያንዳንዱን ቁራጭ አንብቦ ከተመዘገበው የቁጥጥር ቁጥር ጋር ያመሳክራል፣ ዲስኩ እያረጀ ከሆነም ቀድሞ ያሳውቅዎታል። ቅጂዎች ከተሰረዙ በኋላ ቦታው ወዲያው ካልተለቀቀ አይደናገጡ፤ ጋርቤጅ ኮሌክሽን የተባለው ቦታ የማስለቀቅ ሥራ ከአንድ ቀን በላይ ያልተነኩትን ቁራጮች ብቻ ስለሚያነሣ በማግሥቱ ይለቀቃል።

ማረጋገጫው ቁራጮቹ ደኅና መሆናቸውን እንጂ ፒችትሪ መከፈቱን አይነግርዎትም። ስለዚህ በየሩብ ዓመቱ የፒችትሪውን ማሽን በሌላ መለያ ቁጥር ይመልሱት፤ ከማስነሣትዎ በፊት የኔትወርክ ካርዱ ላይ ግንኙነቱ የተቋረጠ እንዲሆን ምልክት ያድርጉ፣ አለዚያ ሁለት ተመሳሳይ ሰርቨር በአንድ ኔትወርክ ላይ ይነሣሉ። ከዶሜይኑ ጋር ስለማይገናኝ በማሽኑ በራሱ አካባቢያዊ አካውንት ይግቡ። ፒችትሪን ከፍተው የመጨረሻውን ደረሰኝ ቁጥር ከሒሳብ ክፍሉ የወረቀት ጥራዝ ጋር ያስተያዩ። የዶሜይን ኮንትሮለሩን ቅጂ ግን ለሙከራም ቢሆን ከዋናው ኔትወርክ ጋር ፈጽሞ አያገናኙት። ይህን ሲያደርጉ ከመጀመሪያው ትእዛዝ አንሥቶ ፒችትሪ እስኪከፈት የወሰደውን ሰዓት ይመዝግቡት፤ ሥራ አስኪያጁ አዲስ ዲስክ እንዲገዙ ሲጠይቋቸው ቁጥሩን ይፈልጉታል።