የጎማ ባላንስ እርሳስ በግቢ ለማቅለጥ፦ ከሰል፣ ቡታጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ?

ጣና ዳር፦ ከጎሚስታ የተሰበሰበ 10 ኪሎ ያህል የባላንስ እርሳስ (ጎማ ሲዞር እንዳይንቀጠቀጥ ቸርኬው ጠርዝ ላይ የሚቆነጠጠው ትንሽ ክብደት) አለ፤ ቀልጦ የመረብ ማስጠሚያ ይሆናል። በየትኛው እሳት ይሻላል? በመኖሪያ ግቢ መሠራቱስ ተገቢ ነው?

ባለ ወናፍ፦ ከሰል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ማንደጃው ያለ ወናፍም ከዚያ ያልፋል። መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ወፍራም የብረት ድስትና ረጅም እጀታ ያለው የብረት ጭልፋ ይበቃል። የአሉሚኒየም ድስት ግን በፍጹም፤ በከሰል ፍም ላይ ቂጡ ሊቀደድ ይችላል።

ጋዙ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ማለፉ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በቤት መኪና ላይ የእርሳስ ባላንስ ስለከለከለች በዚህ ክምር ውስጥ የዚንክና የብረት ባላንስ መኖሩ አይቀርም። ዚንክ የሚቀልጠው በ419 ዲግሪ ነው። ድስቱን ከ350 እስከ 380 ከያዝከው ዚንኩም የብረት መቆንጠጫውም ከላይ ይንሳፈፋሉ፣ በጭልፋ ትለቅማቸዋለህ። ቶሎ ልቀማቸው፤ ዚንክ ከቆየ ከ419 በታችም በጥቂቱ ይሟሟል። ከተቀላቀለ እርሳሱ እንደ ገንፎ ይወፍራል፣ የሚፈስበትን ቅርጽ አይሞላም፣ በቤት መለየትም አስቸጋሪ ነው። ከሰል ሲግል የምታበርደው ድስቱን አንስተህ ብቻ ነው፤ የቀለጠ እርሳስ ይዞ መንቀሳቀስ ደግሞ ዋናው አደጋ ነው። ጋዝ በቁልፍ ይቀነሳል።

ሽቦ፦ የትኛው ጋዝ? ምድጃው ሲሊንደሩ ራስ ላይ የሚገጠመው ከሆነ አይሆንም። 10 ኪሎ እርሳስ አንድ ሊትር እንኳ ስለማይሞላ ድስቱ ቀላል ይመስላል፤ ቢንጋደድ ግን የሚፈሰው ሲሊንደሩ ላይ ነው። በጎማ ቱቦ የተለየ ሰፊ መቀመጫ ያለው ምድጃ ይሁን፣ ሲሊንደሩም ይራቅ።

እኔ ኤሌክትሪክ እላለሁ። 10 ኪሎውን እስከ 370 ዲግሪ ለማድረስ ወደ 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃል። በ1500 ዋት ምድጃ ግማሹ ሙቀት ቢባክን እንኳ ሩብ ሰዓት ገደማ ነው። ሽቦው ክፍት የሆነው የሸክላ ምድጃ ግን አይነካም፤ ድስቱ ሽቦውን ከነካ ወይም እርሳስ ከፈሰሰበት ኤሌክትሪክ ይይዛል። ሽፍን ሳህን ያለው፣ ምድር ሽቦ የታሰረለት ይሁን።

ባለ ወናፍ፦ መብራት መሃል ላይ ቢጠፋስ?

ሽቦ፦ ሳይረጋ ቅርጹ ውስጥ ገልብጠው። ካልደረስክ የብረት ዘንግ መሃሉ ላይ ትከልበትና ይርጋ። እርሳስ ሲቀልጥ ይሰፋል፤ ከታች ቀልጦ ከላይ ክዳን ከሠራ ሰንጥቆ ይረጫል። ዘንጉ ዙሪያውን ቀድሞ እያቀለጠ መውጫ ይከፍትለታል።

ላብራቶሪ፦ ሦስታችሁም የሙቀት መጠን ላይ ብቻ ቆማችኋል። በ370 ዲግሪ ከድስቱ የሚነሳው የእርሳስ ተን በጣም ጥቂት ነው፤ ከ500 ሲያልፍ ያሳስባል፣ በዚህ በኩል ጋዝና ኤሌክትሪክ ከከሰል ይሻላሉ። ቤተሰብ የሚመርዘው ግን ከላይ የሚገፈፈው ግራጫ ዝቃጭ ነው። እርሱ ኦክሳይድ (ከአየር ጋር የተዋሃደ እርሳስ) ነው፣ ሲደርቅ ዱቄት ይሆናል፣ ልብስና ጫማ ላይ ሆኖ ቤት ይገባል። ይህን የትኛውም ምድጃ አይለውጠውም። ሕፃን ከዋጠው እርሳስ ሰውነቱ የሚወስደው ከአዋቂ 4 እስከ 5 እጥፍ ነው። በሴኔጋል ዋና ከተማ ዳካር አጠገብ በቲያሮዬ ሱር ሜር፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 መጀመሪያ 18 ሕፃናት ሞተዋል፤ ምክንያቱ ሰፈር ውስጥ ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ ሲለይ የተበከለ አፈር ነበር። ከሰል ላይ ደግሞ ሌላ አለ፦ ዝቃጩ አመዱ ውስጥ ይወድቃል፣ ያው ማንደጃ ማታ ቡና ይፈላበታል።

ባለ ወናፍ፦ ማንደጃው ለብቻው ይሁን፣ ይህን እቀበላለሁ። ግን አጥማጁ የት ሄዶ ያቅልጥ?

ላብራቶሪ፦ ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ አይሁን። ከመኖሪያና ከጉድጓድ ውኃ የራቀ፣ ጣራ ያለው፣ ጎኑ ክፍት የሆነ ቦታ ይፈለግ፤ ጥቂት አጥማጆች ተባብረው አንድ ቦታ ቢይዙ ይሻላል። ዝቃጩ ሳይደርቅ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ይታሸግ፤ ወለሉ በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል እንጂ በመጥረጊያ አይጠረግ። የሥራው ልብስ ከቤተሰብ ልብስ ጋር አይታጠብም።

ጋዙ፦ እርጥብ ባላንስ በቀለጠ እርሳስ ላይ አይጨመር። ውኃው በቅጽበት ከ1600 እጥፍ በላይ ሰፍቶ እንፋሎት ይሆናል፣ ድስቱን ፊት ላይ ይረጨዋል። አዲሱ ሁሉ በቀዝቃዛ ባዶ ድስት ይጀምር።

ጣና ዳር፦ የመኪና ባትሪ ሳህን ቢጨመርበትስ?

ላብራቶሪ፦ አይጨመር። ያለቀ ባትሪ ሳህን ላይ ያለው ሊጥ አብዛኛው የእርሳስ ሰልፌት (ከባትሪው አሲድ ጋር የተዋሃደ እርሳስ) ነው፤ በ370 ዲግሪ እርሳስ አይሆንም፣ መርዛማ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። ባትሪው ሳይፈታ ለሚረከብ ይሰጥ።