ክርክር፦ የቢሾፍቱ ኤርፖርት ለኛ ነው ወይስ ለትራንዚት መንገደኛው?

ሂሳብ ይቅደም፦
እሺ ጎበዝ፣ ስሜቱን ትንሽ ቀዝቀዝ አድርገን እናውራ። ጥር 2 ቀን 2018 ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ግንባታው በይፋ ተጀመረ፣ ከዛ ወዲህ ሁሉም ሰው የዛሃ ሃዲድ ቢሮ የሠራውን ዲዛይን እየለጠፈ "ከአፍሪካ አንደኛ" እያለ ነው፣ እኔም ፎቶውን ወድጄዋለሁ ውሸት ምን ያደርጋል። ግን ቁጥሩን እንየው። ቀደም ሲል 10 ቢሊዮን ዶላር ተብሎ ነበር፣ ገና ሥራው ሳይጀመር 12.5 ሆነ። ከዚህ ውስጥ 30 ፐርሰንቱን አየር መንገዱ ከራሱ ያወጣል፣ ቀሪው ብድር ነው፣ ማለትም 8.75 ቢሊዮን ዶላር። ታኅሣሥ 2016 ላይ እኮ የ33 ሚሊዮን ዶላር የቦንድ ወለድ ሳንከፍል ያሳለፍን አገር ነን፣ ሚሊዮን ነው ያልኩት። ደሞ ዲዛይን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከመንገደኛው 80 ፐርሰንቱ ከኤርፖርቱ ሳይወጣ የሚያልፍ ነው ብለዋል። ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ከሎሜ መጥቶ ጓንዡ የሚሄድ ሰውዬ ሦስት ሰዓት ወንበር ላይ አሸልቦ ሲሄድ ለዚህ አገር ምን ጥሎ ይሄዳል? ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ አይደል እንዴ፣ ቃል በቃል በሰማይ!

ራምፕ ላይ ያረጀው፦
ተረቷ ቆንጆ ናት ግን ላሚቱ ትታለባለች ወንድሜ። ሰውየው የሚጥለው ቡና ጠጥቶ አይደለም፣ ቲኬቱን ገዝቶ ነው፣ በዶላር። በ2017 በጀት ዓመት አየር መንገዱ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ገቢ አገኘ፣ መንገደኛው 19 ሚሊዮን ነበር፣ እስቲ ከዛ ውስጥ ስንቱ ነው አዲስ አበባ ዘመድ ያለው? ሌላው ሰው የማይገባው ነገር አለ። ወደ ጓንዡ የሚሄደውን አውሮፕላን በኛ ሰው ብቻ ሙላው ብትባል በሳምንት አንዴም አትሞላውም። የሎሜው፣ የኪንሻሳው፣ የሉሳካው ሰው አንድ ላይ ተሰብስቦ ስለሚገባበት ነው በየቀኑ የሚበረው፣ የኛ ነጋዴም በዛ ታክኮ ነው በፈለገው ቀን የሚሄደው። ትራንዚቱን ካወጣኸው በረራው ራሱ የለም። ያ በረራ ደሞ ቴክኒሻን ይፈልጋል፣ ምግብ አብሳይ ይፈልጋል፣ ጽዳት ይፈልጋል፣ እኔን ይፈልጋል 😄

ሂሳብ ይቅደም፦
እሺ እሱን ተቀበልኩ፣ ግን አሁንስ በቦሌ እየሠራ አይደል? ቦሌ በ2011 ተስፋፍቶ አሁን 25 ሚሊዮን ሰው ይችላል ይባላል፣ 19 ላይ ነን፣ 6 ሚሊዮን ባዶ ቦታ እያለ ለመጀመሪያው ዙር ብቻ 60 ሚሊዮን፣ ሲያልቅ 110 ሚሊዮን የሚይዝ ነገር ምን አስቸኮለን?

ራምፕ ላይ ያረጀው፦
በዓመት ብታካፍለው እውነትህን ነው። ግን አውሮፕላን በዓመት አይመጣም፣ በሰዓት ነው የሚመጣው። ሃብ ማለት ሁሉም በአንድ ሰዓት ይገባል፣ መንገደኛው ይለዋወጣል፣ ሁሉም በአንድ ሰዓት ይወጣል። ከሰዓት ሞቅ ሲል መጥተህ ብታየው ግቢው ጭር ያለ ይመስልሃል፣ ማታ ከአፍሪካ የመጣው ለአውሮፓና ለእስያ ሲሰናዳ ደሞ ማቆሚያ ይጠፋል፣ ሰውን በአውቶብስ ከዳር ዳር ማመላለስ ነው። ማኮብኮቢያዎቹም ሁለት ናቸው እንላለን እንጂ ተጠጋግተው ስለሆነ የተሠሩት እንደ ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ማኮብኮቢያዎች ባንዴ አያሠሩም። ሦስተኛ እንጨምር ብትል በዙሪያው ከተማ ነው፣ ወዴት ትገፋዋለህ? ሰፈር አፍርሰህ? ደሞ አስላው እስቲ፣ በ2016 17.1 ሚሊዮን ነበር፣ ባንድ ዓመት 19 ሆነ፣ በዚህ ፍጥነት ከሄደ 25ን ለማለፍ ሦስት ዓመት ገደማ ቢፈጅበት ነው። አዲሱ የሚያልቀው እ.ኤ.አ. በ2030 ነው፣ ያውም በቀኑ ካለቀ።

ሚሚ ከዲሲ፦
የከፍታውን ነገር ለምን አታነሱም? ቦሌ ከባህር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ አውሮፕላኑ ነዳጁንም ሰውንም ጭነቱንም ሙሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል። እኔ ከአዲስ ወደዚህ ስመጣ መሃል ላይ ለነዳጅ እናርፋለን፣ ከዚህ ወደ አዲስ ስሄድ ግን ቀጥታ ነው፣ ለብዙ ዓመት ለምን እንደሆነ ሳይገባኝ ነው የኖርኩት። ቢሾፍቱ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል። 400 ሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል፣ ግን በየቀኑ በየበረራው ተጨማሪ ጭነት ማለት ነው።

የደብረዘይት ልጅ፦
ሁላችሁም ስለ ሰማዩ እያወራችሁ ነው፣ እኔ ስለ መሬቱ ላውራ። ቦታው 35 ስኩዌር ኪሎሜትር ነው፣ 3,500 ሄክታር። የአድአ መሬት ነው እኮ፣ የአድአ ማኛ ጤፍ እያላችሁ የምትፈልጉት የሚበቅልበት አካባቢ። ለተነሺዎች ቤት ተሠርቶ ሲሰጥ በዜና አይተናል፣ ጥሩ ነው፣ አልቃወምም። ግን ቤት ሌላ ማሳ ሌላ። ገበሬ ቤት ሰጥተኸው ማሳውን ስትወስድበት ጡረታ ነው ያወጣኸው፣ ያውም በ35 ዓመቱ። በአዋጅ 1161/2011 ካሳው በዓመት ገቢ 15 እጥፍ ይሰላል፣ በድሮው 10 እጥፍ ነበርና ተሻሽሏል እንበል፣ ግን በብር ነው የሚሰላው፣ ብሩ ደሞ ሐምሌ 2016 ዶላሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ምን እንደሆነ ለናንተ አልነግርም። የአጎቴ መሬት ከብዙ ዓመት በፊት ለሌላ ፕሮጀክት፣ የቱ እንደሆነ ይቅር፣ ተወስዶ ካሳውን ተቀበለ፣ ሚኒባስ ገዛ፣ ሚኒባሱ ተጋጨ፣ አሁን ጥበቃ ነው። ሌባ አልሰረቀውም፣ ሰክሮም አላጠፋውም፣ በቃ ብር ማስተዳደር ማንም አላስተማረውም ነበር።

ጋሽ ቆፍጣናው፦
ልጄ ያልከው እውነት ነው፣ የአጎትህ ነገር አሳዘነኝ። ግን ደላላውንም አንሳው። ኤርፖርት ሊመጣ ነው የተባለ ቀን ቢሾፍቱ የቦታ ዋጋ ምን ሆነ? ትርፉን ማን በላው? ገበሬው በካሳ ወጣ፣ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ቦታ የገዛው ሰው ሳይሠራ ሀብታም ሆነ። እኔ ኤርፖርት ይሠራ ባይ ነኝ ግን ይቺን ትርፍ መንግሥት በግብር መልሶ ለተነሺው ቢያደርጋት ምን ነበረበት። እኔ ልጅ ሳለሁ የልደታን ኤርፖርት ነበር የምናውቀው፣ ቦሌ ሲሠራ እኮ "ምነው ገጠር ወሰዱት" ነበር የሚባለው። አሁን ቦሌ መሃል ከተማ ነው። አቡሴራም እንደዛው ነው የሚሆነው፣ ስለዚህ ከወዲሁ ዙሪያው በፕላን ካልተያዘ የዛሬ 40 ዓመት ልጆቻችሁ ይቺኑ ክርክር ይከራከራሉ።

የደብረዘይት ልጅ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ያልኩትን ከኔ በተሻለ ተናገሩልኝ። እኔም እኮ አይሠራ አላልኩም። ቴክኒሻን ማሠልጠን ዓመታት ይፈጃል፣ ዛሬ ላይ የተነሺ ልጆችን ካላስገባችሁ ሲከፈት ለነሱ የሚቀረው መጥረጊያው ነው።

አበባ ጫኝ፦
ስለ ካርጎ ማንም አላነሳም ይገርማል። እኔ ከባቱ በኩል ነው የምጭነው። አበባ ከተቆረጠ በኋላ ሰዓት ነው የሚቆጥረው፣ በፍጥነት መንገዱ ላይ እንደ ጥይት መጥቼ ቱሉ ዲምቱ ስደርስ ከዛ እስከ ቦሌ ያለው ነገር ነው ፀጉሬን ያሸበተው፣ የቀዝቃዛ መኪናው ኮምፕረሰር እያጓራ እኔ እዛ ቆሜ ሰው ቆሎ ይሸጥልኛል። አቡሴራ ከሆነ ከተማ ሳልገባ ጭነቴን አራግፌ እመለሳለሁ። ሞጆ ደረቅ ወደቡም እዛው አፍንጫው ሥር ነው፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡርም እንደዛው። ለኔ በጣም ነው የሚጠቅመኝ። ሐቁን ለመናገር ግን ከሆለታና ከሰበታ የሚጭኑት ጓደኞቼ ተቃራኒውን ነው የሚሉት፣ እነሱ ከተማውን ሙሉ አቋርጠው ሊመጡ ነው። የካርጎው ክፍል መቼ ነው የሚዛወረው? ከመንገደኛው ጋር ነው ወይስ ቦሌ ይቀራል? ለኛ ትልቁ ጥያቄ እሱ ነው።

ሂሳብ ይቅደም፦
አበባ ጫኝ ያልከው ጥሩ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ነገር ነው መስማት የፈለግኩት። ግን ወደ ብድሩ ልመልሳችሁ። የአፍሪካ ልማት ባንክ ዋና አስተባባሪ ሆኖ ገንዘብ ያሰባስባል፣ የራሱ ድርሻ 500 ሚሊዮን ነው የተባለው፣ ሌላው ከሌላ ይፈለጋል። እንበል 8.75 ቢሊዮኑ በ6 ፐርሰንት ተገኘ፣ እንበል ነው ያልኩት። ወለዱ ብቻ በዓመት 525 ሚሊዮን ዶላር ነው። 60 ሚሊዮን ሰው ካለፈበት በነፍስ ወከፍ 9 ዶላር አይሞላም፣ ምንም አይደል። 25 ሚሊዮን ብቻ ከሆነ ግን 21 ዶላር። እንግዲህ ያንን ቲኬት ላይ ስትጭነው ሰውየው በናይሮቢ ወይ በዶሃ ወይ በኪጋሊ ይሄዳል። ኳታሮች ኪጋሊ አጠገብ በሚሠራው በቡጌሴራ ኤርፖርት 60 ፐርሰንት ድርሻ ሊይዙ የተስማሙት ለጽድቅ መሰላችሁ? ስሪላንካ ማታላ ላይ እ.ኤ.አ. በ2013 የከፈተችውን ኤርፖርት አስታውሱ፣ ዛሬ በዓለም ላይ የሚታወቀው ባዶ በመሆኑ ነው።

ራምፕ ላይ ያረጀው፦
ማታላን አታምጣብኝ። እዛ ቤቴ ብሎ የዘለቀ አየር መንገድ አልነበረም፣ ኤርፖርት ሠርተው አውሮፕላን ጠበቁ። እኛ አውሮፕላን ይዘን ነው ኤርፖርት የምንፈልገው፣ ግንኙነት የለውም። የናይሮቢውን ካነሳህ ደሞ እነሱ ለሕንዱ ኩባንያ ለአዳኒ ሊሰጡት ነው ተብሎ ሠራተኛው አድማ መታ፣ ውሉ እ.ኤ.አ. በ2024 ኅዳር ላይ ተሰረዘ፣ አሁንም በድሮው ናቸው። ይሄ ለኛ የተከፈተ በር ነው፣ ተኝተን ካደርን ይዘጋል። የወለዱ ሂሳብህ ግን ልክ ነው፣ አልዋሽም እሱ እኔንም ያስፈራኛል።

ከሞንትሪያል፦
ማታላ ሳይሆን ማንሳት የነበረባችሁ ሚራቤልን ነው። እኔ እዚሁ ነኝ ያለሁት ታሪኩን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1975 ሞንትሪያል ከከተማ ወጣ ብላ ግዙፍ ኤርፖርት ከፈተች፣ ድሮ የነበረው ዶርቫል ሊጨናነቅ ነው ተብሎ፣ ልክ እንደኛ። ገበሬ ተነሳ፣ ከአቡሴራ አሥር እጥፍ የሚበልጥ መሬት ተወሰደ። ከዛ ምን አደረጉ? ዓለም አቀፉን ሚራቤል ወሰዱት፣ የአገር ውስጡን ዶርቫል ተዉት። ባቡር ይሠራል ተባለ፣ አልተሠራም። ከትንሽ ከተማ ተነስቶ አውሮፓ የሚሄድ ሰው አንዱ ጋ አርፎ በመኪና ወደ ሌላው መሄድ ሆነበት፣ ማን ይለፋል፣ በቶሮንቶ መሄድ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2004 የመጨረሻው የመንገደኛ በረራ ወጣ፣ ተርሚናሉንም አፈረሱት። ከተወሰደው መሬት አብዛኛው ለገበሬዎቹ ተመለሰ፣ ግን ስንት ዓመት ቆይቶ። የገደለው ትልቅነቱ አይደለም፣ ለሁለት መከፈሉ ነው። ኢስታንቡሎች እ.ኤ.አ. በ2019 ሚያዝያ ላይ ያደረጉትን እዩ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ጓዛቸውን ጠቅልለው ሙሉ በሙሉ ወደ አዲሱ ገቡ፣ የድሮውን አታቱርክ ኤርፖርት ለመንገደኛ ዘጉት። አሁን እኛ ጋ ቦሌ ለአገር ውስጥ በረራ ይቀራል ሲባል ስሰማ ነው ላብ ያጠመቀኝ።

ጋሽ ቆፍጣናው፦
ይሄ ልጅ ቁም ነገር ተናገረ። እኔ ስለ ብድሩ ስጨነቅ ነበር የቆየሁት።

ራምፕ ላይ ያረጀው፦
ሁለቱን የሚያገናኝ ፈጣን ባቡር ፕላኑ ውስጥ አለ እኮ። ከሚራቤል ጋር እኩል አታድርገው።

ከሞንትሪያል፦
ሚራቤልም ፕላኑ ውስጥ ነበረው አልኩህ እኮ ወንድሜ። ጥያቄው ባቡሩ ከኤርፖርቱ ጋር እኩል ይከፈታል ወይስ "በሁለተኛው ምዕራፍ" ነው? ብድሩ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው እሱ ነው፣ ሪባን የሚቆረጥለት ተርሚናሉ ስለሆነ።

ሂሳብ ይቅደም፦
እንግዲህ ሐሳቤን ላስተካክል። አይሠራ ከሚሉት ወጥቻለሁ፣ ራምፕ ላይ ያረጀው የማታውን ሰዓት ሲያስረዳ ገብቶኛል። ግን የመጀመሪያው ዙር ተከፍቶ፣ ባቡሩ ሄዶ፣ ሁሉም በረራ አንድ ቦታ ገብቶ ካልታየ በፊት ስለ 110 ሚሊዮኑ አንድ ዶላር መበደር የለብንም እላለሁ። በዚህ ማን ይቃወመኛል?

ራምፕ ላይ ያረጀው፦
እሱን እኔም እፈርማለሁ።

የደብረዘይት ልጅ፦
ለተነሺ ልጆች ሥልጠናውንም ጨምሩበትና እኔም።

ሚሚ ከዲሲ፦
ቆይ እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ፣ እናቴ ጅማ ናት። በየሁለት ዓመቱ እኔ ጋ ትመጣለች፣ ቋንቋ አትችልም፣ ጉልበቷ ያማታል፣ በርበሬና ሽሮ የሞላ ሁለት ሻንጣ ይዛ ነው የምትመጣው። አሁን ቦሌ ትደርሳለች፣ ከአንዱ በር ወደ ሌላው በዊልቸር ይገፏታል አለቀ። ያኔ ከጅማ ቦሌ አርፋ ከቦሌ አቡሴራ ስትሄድ ሻንጣዋን ማን ነው የሚያሻግርላት? ጅማ ላይ አስረክባ ዲሲ ነው የምትቀበለው ወይስ ራሷ ባቡር ላይ ልትጭነው ነው?

ራምፕ ላይ ያረጀው፦
...እሱን እንኳን እስካሁን የነገረን የለም።