አንዲቷን የቀን መቀየሪያ አምስት ቦታ ለጥፌ ተቸገርኩ፤ አንድ ቦታ አስቀምጦ መጥራት ይቻላል?

የቱሉ ዲምቱው

ሰላም ለሁላችሁ። ቀን ቀን ሌላ ሥራ አለኝ፤ ማታ ማታ ለሰፈራችን ትንንሽ ነጋዴዎች በኤንኤይትኤን (n8n፣ ሥራን ደረጃ በደረጃ አያይዞ በራሱ የሚያስኬድ ሶፍትዌር) የቴሌግራም ቦት እሠራለሁ። አሁን አምስት ደንበኛ አለኝ፦ ሁለት ብሎኬት ማምረቻ፣ አንድ የአሸዋና ጠጠር አቅራቢ፣ አንድ ዶሮ አርቢና ለሆቴሎች እንጀራ የምታቀርብ አንዲት እህት።

ጣጣው የመጣው በሰዓት አቆጣጠር ነው። አንድ ገዢ ለብሎኬቱ ቦት «ነገ ጠዋት 2 ሰዓት 400 ባለ 20 ብሎኬት ኮዬ ፈጬ አድርሱልኝ» ብሎ ጻፈ። ኤጀንቱ (መልእክቱን የሚያነበው ኤአይ) በፈረንጅ 2 ሰዓት ብሎ መዘገበው። ለሾፌሩ ማስታወሻው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደረሳቸው። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ደወሉልኝና «ልጄ፣ ብሎኬቱን የሚያወርደው ጅቡ ነው?» አሉኝ። (በእኛ በኩል በዚያ ሰዓት ከጅብ ሌላ መንገድ ላይ የለም።)

ከዚያ ሰዓቱንም ቀኑንም ወደ ፈረንጅ የሚመልሱ ሰባት ኖዶች (እያንዳንዱ አንድ ሥራ የሚሠራ ሳጥን) ሠራሁና ኮፒ እያደረግኩ አምስቱም ወርክፍሎው (የኖዶች ሰንሰለት) ላይ ለጠፍኳቸው። ኮፒ ሲደረጉ በጄሰን ጽሑፍ ስለሚወጡ አንዱን ቅጂ ቴሌግራም ላይ ለራሴ ልኬ፣ በልጄ የክትባት ካርድ ፎቶና በእቁብ ዝርዝር መሃል አስቀመጥኩት። መጋዘኔ ይኸው ነው።

ባለፈው ሳምንት የዶሮ አርቢውን የድሮ ደረሰኞች ስናስገባ የ2016 ቀኖች በሙሉ በአንድ ቀን ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ኮዴ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ያደርጋታል። የ2015 ጳጉሜ ግን 6 ቀን ስለነበራት የ2016 እንቁጣጣሽ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ላይ ነው የዋለው። አራት ቦታ አስተካከልኩ። አምስተኛውን፣ የእንጀራዋን፣ ረሳሁት፤ እሷ ራሷ ሪፖርቱን ይዛ መጣች። አፈርኩ።

አምስቱም በተከራየኋት አንድ ሰርቨር ላይ ናቸው። ምን ታደርጉ ነበር?

ከለገጣፎ

ወንድሜ፣ ሰባቱን ኖዶች አንድ ላይ ምረጣቸውና በቀኝ ጠቅ አድርግ፤ «ኮንቨርት ቱ ሰብ-ወርክፍሎው» (ሌሎች ወርክፍሎዎች የሚጠሩት ወርክፍሎው አድርገው ማለት ነው) የሚል ታገኛለህ። ከሌለህ ቨርዥንህ አሮጌ ነው፤ በእጅ ሥራው። አዲስ ወርክፍሎው ክፈትና መነሻውን «ዌን ኤክሰኪዩትድ ባይ አናዘር ወርክፍሎው» የሚለውን ትሪገር አድርግ፤ የሚቀበላቸውን ነገሮች እዚያው በስማቸው ዘርዝር፤ ከዚያ ሰባቱን ለጥፍ። የመጨረሻው ኖድ የሚያወጣው ውጤት ወደ ጠሪው ይመለሳል። አምስቱ ቦታ ላይ የሚቀረው «ኤክሰኪዩት ሰብ-ወርክፍሎው» የሚል አንድ ኖድ ብቻ ነው። አንዴ ስታስተካክል ለሁሉም ተስተካከለ።

አንዴ ስታበላሽም ለሁሉም ተበላሸ። እኔ ስለዚህ መነካካት ስፈልግ መጀመሪያ አባዛዋለሁ፤ ቅጂውን በአንድ ደንበኛ ላይ ብቻ ሁለት ቀን አሠራውና ነው ዋናውን የምነካው።

ሰበታ

ከላይ ያለው ልክ ነው። ግን ሰብ-ወርክፍሎውን ኤጀንቱ ላይ እንደ ቱል (ሲፈልግ የሚጠራው መሣሪያ) ልትሰካው ካሰብክ ቆም በል። ቱል ከሆነ መቼ እንደሚጠራው የሚወስነው የኤጀንቱ ኤአይ ሞዴል ነው፤ የሚወስነውም አንተ ለቱሉ የጻፍከውን መግለጫ አንብቦ ነው። አንድ ቀን «2 ሰዓት ግልጽ ነው» ይልና ሳይጠራው ያልፋል፤ ሾፌሩ እንደገና ሊደውሉልህ ነው።

ሞዴሉ የሚችለውን ብቻ ስጠው። ከመልእክቱ ሦስት ነገር ለቅሞ ያውጣ፦ የሰዓቱን ቁጥር፣ ጠዋት ነው ማታ ወይስ ሌሊት የሚለውን፣ ቀኑን። ስሌቱን ግን ከኤጀንቱ ቀጥሎ፣ ሳይጠየቅ ሁልጊዜ የሚሄድ ሰብ-ወርክፍሎው ይሥራው። የጠዋትና የቀን ሰዓት ላይ 6 ይደምር፤ ከማታ 1 እስከ 5 ላይ 18 ይደምር፤ ሌሊት 6 ዜሮ ይሁን፤ ከሌሊት 7 እስከ 11 ላይ 6 ይቀንስ። መደመርና መቀነስ ለማሽን እንጂ ለአዋቂ ነኝ ባይ አይሰጥም።

ሰውየው «2 ሰዓት» ብቻ ብሎ ካለፈ አትገምት። ሰብ-ወርክፍሎው «ጠዋት ነው ማታ?» የሚል ምልክት ይመልስና ቦቱ ይጠይቀው። ቱል ማድረግ የሚያዋጣህ ለዋጋ ጥያቄና ለመሳሰለው ነው፤ አንዳንዱ ሰው ይጠይቃል፣ አንዳንዱ አይጠይቅም።

አያት 49

እኔን ያስደነገጠኝ ያ የቴሌግራም መጋዘንህ ነው። ኖዶችህ ውስጥ ቴሌግራምን በኤችቲቲፒ ኖድ በቀጥታ የሚጠራ አለ? ካለ የቦቱ ቶክን (ምስጢራዊ ቁልፉ) አድራሻው ውስጥ ስለሚጻፍ ከጄሰኑ ጋር አብሮ ይወጣል። ያንን ጽሑፍ ለማንም ልከህ ከሆነ ዛሬውኑ ቦትፋዘር (የቴሌግራም የቦት ማስተዳደሪያ) ገብተህ ቶክኑን ሰርዝና አዲስ አውጣ። በክሬደንሻል (የኤንኤይትኤን የቁልፍ ማስቀመጫ) የተቀመጠ ከሆነ ችግር የለም፤ የሚወጣው ስሙና መለያ ቁጥሩ ብቻ ነው።

ባክአፕ ስታደርግም የሰርቨሩን የኢንክሪፕሽን ቁልፍ ለብቻው ያዝ። ዳታቤዙን መልሰህ ቁልፉ ከጠፋ የይለፍ ቃሎቹ አይከፈቱም፤ እኔ አንድ ቅዳሜ ሙሉ የዘጠኝ ደንበኛ ቶክን እንደገና ስለምን ውያለሁ። የጊዜ ክልሉንም እይ፤ ካልነካኸው መነሻው ኒውዮርክ ነው፤ አፍሪካ/አዲስ አበባ አድርገው።

የቱሉ ዲምቱው

እግዜር ይስጥልኝ። ትናንት ማታ ጨረስኩት። የጊዜ ክልሉ እውነትም ኒውዮርክ ነበር፤ የጠዋቱ የእንቁላል ሪፖርት ለምን ከሰዓት እንደሚመጣ አሁን ገባኝ፤ እኔ ኔትወርክ ነው እያልኩ ሰውየውን ሳጽናናው ከረምኩ። ቶክኑንም ቀይሬዋለሁ፤ ለአንድ ጓደኛዬ ልኬለት ነበር።

ሰበታ ያልከውን እንዳለ ወሰድኩት፤ ቱል አላደረግኩትም። የአምስቱም አሮጌ ኖዶች ጠፍተው «ቀን ቀያሪ» የምትባል አንዲት ብቻ ቀረች። ያላሰብነው 12 ሰዓትን ነው፤ የንጋቱ 6 ላይ፣ የማታው 18 ላይ መሄድ ነበረበት። ቅጂው ላይ ስሞክር የማታው 12 ሰዓት 30 ሰዓት ሆኖ ወጣ! 12ን ለብቻዋ ቅርንጫፍ ሠራሁላት።

አሁን አሸዋ አቅራቢው «ሲነጋጋ» ብለው የሚጽፉ ደንበኞች አሉኝ እያሉ ነው። እሱን በስንት ሰዓት ልተርጉመው?

ከለገጣፎ

ሲኖትራክ ከተማ እንዳይገባ የሚከለከልበትን ሰዓት ሾፌሩን ጠይቃቸው፤ ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ሲነጋጋ ነው።