የትራምፕን ንግግር ከሰዓት ጋር ማገጣጠም አቃተኝ

ትራምፕ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6፣ 2021 ዋሽንግተን ኤሊፕስ ሜዳ ላይ ያደረጉትን ንግግር እያጣራሁ ነው። በእጄ ያለው ሙሉ ቪዲዮውና የጽሑፍ ግልባጩ ነው። ቁርጥራጭ ቪዲዮ አልጠቀምም፤ የቢቢሲ ፓኖራማ ፕሮግራም እንኳ በ2024 ከ50 ደቂቃ በላይ የተራራቁ ሁለት የንግግሩን ክፍሎች ገጥሞ እንደ አንድ አቅርቧቸዋል። «በሰላምና በአገር ወዳድነት» የሚለው ወደ መጀመሪያው፣ «ካልተፋለማችሁ አገር አይኖራችሁም» የሚለው ወደ መጨረሻው ነው። እስከዚህ ድረስ ችግር የለም።

የቸገረኝ ሰዓቱ ነው። ንግግሩ እኩለ ቀን ገደማ ተጀምሮ ከ70 ደቂቃ በላይ ቆይቷል። የካፒቶል (የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ) የመጀመሪያው አጥር በሰልፈኞች የተጣሰው ደግሞ በዋሽንግተን ሰዓት ከቀኑ 6:53 አካባቢ (በእኛ አቆጣጠር)፣ ንግግሩ ሳያልቅ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ መሳሳት እንኳ የትኛው ቃል ከአጥሩ በፊት፣ የትኛው በኋላ እንደተባለ ያዛባብኛል። ያወረድኩት ቅጂ የሰዓት ምልክት የለውም፤ ሜታዳታውም (ከፋይሉ ጋር የሚቀመጠው መረጃ) ኢንተርኔት ላይ የተጫነበትን እንጂ የተቀረጸበትን ሰዓት አይናገርም። ከሕዝቡ መሃል በስልክ የተቀረጹትን በድምፅ ሞገድ አገጣጠምኳቸው፤ እርስ በርስ ይገጥማሉ፣ ግን የአንዳቸውም ሰዓት የሚታመን አይደለም።

ቪዲዮውን ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ስህተት ከትክክለኛው ሰዓት ጋር ለማሰር የትኛውን መነሻ ነጥብ ልያዝ?