የቲቢ መድኃኒቱ ነፃ ነው፤ የጉበት ምርመራውስ?

ታካሚው የሳንባ ቲቢው ጂን ኤክስፐርት በሚባለው የአክታ ምርመራ ተረጋግጦ በጤና ጣቢያ ሕክምና ጀመረ። የአክታ ምርመራውም የስድስት ወሩ መድኃኒትም በነፃ ነው፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለም። በአምስተኛው ሳምንት ግን ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ማስመለስም መጣ። መድኃኒቱ ቆሞ ወደ ሆስፒታል ተላከ።

ከአራቱ መድኃኒቶች ሪፋምፒሲን፣ አይሶኒያዚድና ፒራዚናሚድ ጉበት ሊጎዱ ይችላሉ። ስለዚህ የጉበት ጉዳትን የሚያሳየው የደም ኢንዛይም ከወረደ በኋላ መድኃኒቶቹ አንድ በአንድ እየተመለሱ የጉበት ምርመራው በየጥቂት ቀኑ ይደገማል። ገንዘቡን የጨረሰው ይኸው ነው፤ ላብራቶሪ፣ አልትራሳውንድ፣ አልጋ።

የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር አለው፣ የዘንድሮ መዋጮ ተከፍሏል፣ ሪፈሩም ከጤና ጣቢያው ነው። ሆስፒታሉ ግን «ቲቢ በነፃ ፕሮግራም ስለሚታከም መድን አይመለከተውም» ብሎ አስከፈለ። የመድን ክፍሉን አነጋገርን፤ መልሱ ያው ነው። ሪፈሩን ስናየው የበሽታው ስም በሚጻፍበት ቦታ ያለው «ቲቢ» ብቻ ነው፤ ስለ ጉበቱ አንድ ቃል የለም። እኔ እንደሚመስለኝ ነገሩ የተበላሸው እዚያ ላይ ነው። ማህተም ያላቸው ደረሰኞች ሁሉ በእጃችን ናቸው።

ጤና ጣቢያው ሪፈሩን «በመድኃኒት የመጣ የጉበት ጉዳት» ብሎ ቢያርምልን፣ እስካሁን የተከፈለውን የወረዳው ጤና መድን ይመልሳል?